ይድረስ ለክቡር የመድን ካሳ መጠየቂያ ቅጽ

ባሉበት፣ ለንደን

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስ... ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። «ደህና ነኝ» ብዬ ከጻፍኩ ነገ ከፋይል ውስጥ መዘው ያወጡብኛል። የእኔን ጤና ከጂፒዬ፣ ከሰፈር ሐኪሜ፣ ይጠይቁ፤ መጠየቅዎም አይቀርም።

መቼም ስለ እርስዎ ክፉ አላወራም። ጋሼ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ቤት ሲገዛ የሞርጌጅ (የቤት ብድር) አማካሪው የሕይወት መድንና ከባድ ሕመም ሲገኝ ገንዘብ የሚከፍለውን የከባድ ሕመም ሽፋን አንድ ላይ ሸጠለት። ከዚያ ወዲህ አረቦኑ በየወሩ በዳይሬክት ዴቢት ከባንክ ሂሳቡ ራሱ ይወጣል። ቅጽ የለም። ማስረጃ የለም። «ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?» የሚል የለም። ገንዘቡ ወደ እናንተ ሲሄድ ሯጭ ነው፤ ወደ እኛ ና ሲባል ነው የሚታመመው። ጋሼ ልቡን ታሞ ሥራ ካቆመ በኋላ እንኳን «ጥያቄዎ እስኪወሰን ክፍያውን እንዳያቋርጡ» ተብሎ ተመከረ። ምክሩ ልክ ነው፣ ካቋረጠ ሽፋኑም ሊቋረጥ ይችላል። ግን አልጋ ላይ ላለ ሰው እንዴት ደስ የሚል ማስታወሻ ነው!

ሕመምን በልክ መስፋትዎን በጣም ነው የማደንቀው። እኛ «ሃርት አታክ ያዘው» ብለን ስንጮህ፣ እርስዎ ረጋ ብለው የልብ ምርመራው ኢሲጂ ተለውጧል ወይ፣ ልብ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረው ትሮፖኒን ከፍ ብሏል ወይ ይላሉ። አንጃይና፣ ልብ ደም ሲያንሰው የሚመጣ የደረት ሕመም፣ ብቻ ከሆነ ይማርዎት፣ ደህና ይግቡ። ካንሰርም እንደዚያው ነው። ያልተስፋፋ፣ ገና በጊዜ የተያዘ ከሆነ በብዙ ውሎች ሙሉ ክፍያ አያሰጥም፤ ቢሰጥ ከፊሉን ነው። አገሩ ሁሉ «ቶሎ ተመርመሩ» እያለ ይለምናል፣ ቶሎ የተመረመረው ሰው ደግሞ እርስዎ ፊት ሲቀርብ ሕመሙ አነሰ ይባላል።

ይህን የከባድ ሕመም ሽፋን ማን እንደጀመረው ቢረሱት አልፈርድብዎትም፣ ቆይቷል። ደቡብ አፍሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማሪየስ ባርናርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኬፕታውን የመጀመሪያውን ከሰው ወደ ሰው የልብ ንቅለ ተከላ ያደረገው የክርስቲያን ባርናርድ ወንድም ሲሆን በዚያ ቡድን ውስጥም ነበር። ሕመምተኞቹ ከሞት ተርፈው በገንዘብ ሲሞቱ ስላየ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዲህ ያለ መድን እንዲሸጥ አደረገ። ሐኪም የጀመረው ነገር እርስዎ እጅ ገብቶ እዚህ ደረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የእርስዎን የቀን አቆጣጠር ማስታረቅ አቅቶኛል። የከባድ ሕመም ሽፋኑ ሕይወት መድን ሳይጨመርበት ለብቻው ከተገዛ፣ ሕመምተኛው ሕመሙ ከታወቀለት በኋላ የተወሰኑ ቀናት በሕይወት መቆየት አለበት። ብዙ ጊዜ 10 ወይም 14 ቀን ነው። በዘጠነኛው ቀን የሞተ ሰው ቸኩሏል። በሌላ በኩል፣ የሕይወት መድኑ ገንዘብ ሳይሞት እንዲሰጠው የፈለገ ደግሞ ከ12 ወር በላይ እንደማይኖር በሐኪም መረጋገጥ አለበት። አንዱ ክፍል «እባክህ ቶሎ አትሙት» ይላል፤ ሌላው «እባክህ ብዙ አትቆይ» ይላል። ሐኪሙ ተጠንቅቆ «ዓመት፣ ዓመት ከምናምን» ካለ ያ «ከምናምን» ቤተሰቡን አፈር አበላው ማለት ነው። የእኛ ሰው «ስንት ጊዜ ይቀረኛል?» ሲል መልሱ «እግዜር ያውቃል» ነው። እርስዎ ዘንድ ይህን መልስ የሚሞሉበት ሳጥን ፈልጌ አጣሁ።

የጓደኛዬን እናት ላንሳ። እኛ ዘንድ መርዶ እንኳን ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። የታመመ ሰው ደግሞ ሕመሙ አይነገረውም፣ ልጅ እያስተረጎመ ይሸፍንለታል። ጓደኛዬም ኮንሰልታንቱ፣ ከፍተኛው ሐኪም፣ የተናገረውን ሁሉ «ትንሽ እረፍት ያስፈልግሻል ነው የሚለው» ብሎ አሳጠረው። ከዚያ እርስዎ በፖስታ ከች አሉ። የቀራቸው ዕድሜ ከ12 ወር በታች ስለመሆኑ፣ ባለ ውሏ ራሳቸው እዚህ ላይ ይፈርሙ። ልጅ ጨነቀው። «እማ፣ የጋዝ ሂሳብ ነው፣ ፈርሚልኝ» አለ። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ሆስፒታል ውስጥ ወለል እያጸዱ ነው፤ እርስዎ የጻፉትን ቃል ከሃያ ዋርድ ደጃፍ ሰምተውታል። «ዕድሜዬን የሚጠይቅ ጋዝ መቼ መጣ?» ብለው ፈረሙ።

እድር ይሻላል የሚሉ አሉ። አይሻልም። እድርም ለታመመ አይከፍልም፣ የዘገየውንም ይቀጣል። ልዩነቱ ድንኳኑን ከመትከሉ በፊት የጂፒ ሪፖርት አለመጠየቁ ነው።

የጂፒ ሪፖርት ካልኩ፣ የጋሼ ፋይል ተገልጦ «የሆድ ሕመም» የሚል ተገኘ። ጨጓራ ነው፣ ክቡር ቅጽ! ጨጓራ የሌለው ሐበሻ ካለ ያሳዩኝ። ጋሼ ውሉን ሲሞላ ጨጓራን እንደ ሕመም አልቆጠረውም፣ ማናችንስ እንቆጥረዋለን? ደግነቱ የ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ የሸማቾች መድን ሕግ ከእርስዎ ይልቅ ሰው ሰው ይሸታል። ከገዢው የሚጠበቀው የተጠየቀውን በጥንቃቄ መመለስ ነው። ሆን ብሎ ወይም እውነት ሐሰቱ ግድ ሳይሰጠው ካሳሳተ ውሉን ማፍረስ ይችላሉ። ባለመጠንቀቅ ከሆነ ግን እውነቱን ቢያውቁ ምን ያደርጉ ነበር ተብሎ ይሰላል። 20 ፓውንድ የከፈለው ሰው 40 ይጠየቅ ነበር ከተባለ ግማሹን ይከፍላሉ፤ ጨርሶ ዜሮ አይሉም። ይህን አንቀጽ ከጀርባዎ ላይ በትልቁ ቢያትሙት ምን ነበረበት?

ስለዚህ ጋሼ አቤቱታውን አስገብቷል። የመጨረሻ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለዎት። ካልሰጡ ወይም መልሱ ካልጣመን በገንዘብ ተቋማት ላይ የሚቀርብ ቅሬታን የሚያይ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ዘንድ እንሄዳለን፤ ለእኛ በነጻ ነው። መልስዎ በደረሰን በ6 ወር ውስጥ መሄድ እንዳለብንም እናውቃለን፣ ስለዚህ እንረሳዋለን ብለው አይጠብቁ። ጋሼ አሁን ሐኪም ያዘዘውን እረፍት ላይ ነው፤ ጊዜ ሞልቶታል።

ከማይለይዎ አክብሮት ጋር።

ግልባጭ፦
ለኦምቡድስማኑ
ለሞርጌጅ አማካሪው፣ ስልክ ማንሳት ሲጀምር
ለጋሼ ጨጓራ