ማስተካከያ፦ የሃማጉቺ ቼሪዎች አኳቲንት አይደሉም
ሰሞኑን በብዛት የተጋራ አንድ ጽሑፍ የጃፓናዊውን የኅትመት ሠዓሊ የዮዞ ሃማጉቺን (እ.ኤ.አ. 1909–2000) ቀያይ የቼሪ ፍሬ ሥዕሎች «አኳቲንት» ብሏቸዋል። ስህተት ነው። በሙዚየሞች የስብስብ መዝገብ የሰፈሩት ባለቀለም ሜዞቲንት ተብለው ነው። ሁለቱም ሥዕል ከመዳብ ሰሌዳ የሚታተምባቸው ዘዴዎች ናቸው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል።

በአኳቲንት የሙጫ ዱቄት በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተነስንሶ በሙቀት ይጣበቃል፤ ከዚያም አሲድ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን መዳብ ይበላዋል። ሜዞቲንት አሲድ አያስፈልገውም። የሰሌዳው ገጽ በሙሉ በጥርሳም መሣሪያ ይሻከራል፤ እንዲሁ ቢታተም ድፍን ጥቁር ይወጣል። ሠዓሊው ብርሃን የሚፈልግበትን ቦታ እየፋቀና እያለሰለሰ ምስሉን ከጥቁሩ ውስጥ ያወጣዋል። ለአንድ ሥዕል እንኳ አድካሚ ነው፤ ሃማጉቺ ደግሞ ለየቀለሙ የተለያየ ሰሌዳ ያዘጋጅ ነበር።

ያንን ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ጥቁር ለመሥራት በጽሑፉ ተመርተው ሙጫና አሲድ ያዘጋጁ ተማሪዎች የሚያስፈልጋቸው ሌላ መሣሪያ ነው። ሥራዎቹን በመዝገብ የሚፈልግም «ሜዞቲንት» ብሎ ይፈልግ።