የመርከቡ ኮሂባ ገዢ ይመስገኑ

ለሯጭ ዋንጫ አለው፤ ለዘፋኝ ሽልማት አለው። ከማያሚ ወይም ከባልቲሞር በመርከብ ተነሥተው፣ ሜክሲኮ ኮዙሜል ወይም ባሃማስ ናሶ ላይ ለጥቂት ሰዓት ወርደው፣ 25 ፍሬ «የኩባ ኮሂባ» የተባለ ስመ ጥር ሲጋር በ80 ዶላር ገዝተው ለሚመለሱት መንገደኛ ግን እስከ ዛሬ አንዲት የምስክር ወረቀት እንኳ የሰጣቸው የለም። ውለታቸው ተረስቶ እንዳይቀር ይህ ዓምድ ዛሬ ለእሳቸው ተሰጥቷል።

በቅድሚያ የሚመሰገነው እምነታቸው ነው። እኚህ ሰው ለፋሲካ በግ ሲገዙ ላቱን ይጨብጣሉ፣ ጥርሱን ይገልጣሉ፣ ጀርባውን ይዳብሳሉ፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘት አያምኑም። ወደብ ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሻጩ «የአጎቴ ልጅ ሃቫና ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠራው» ካላቸው ነገሩ አለቀ፤ ማስረጃ ማለት ይሄ ነው። የተባረከ አጎት ነው፤ በየወደቡ አንድ አንድ ሲጋር የሚጠቀልል ልጅ አለው።

ሱቁንም ቢሆን እንዲሁ አልመረጡትም። መርከቡ ላይ ስለ ገበያ የሚያስረዳ ሰው አለ፤ የሱቆቹን ካርታ የሚያድለውም እሱ ነው። ካርታው ላይ የሰፈሩት ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ ለመስፈራቸው የማስታወቂያ ገንዘብ የከፈሉ ናቸው፤ ይኸው ራሱ ካርታው ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። መነጽራቸውን ካቢን ረስተው የወጡ ሰው ግን በደቃቅ ፊደል ሊጠየቁ አይገባም።

ድርድሩ ደግሞ ለብቻው ቅኔ ነው። ሻጩ 400 ይላል። ገዢያችን ይስቃሉ፣ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ይራመዳሉ። 250። ሦስተኛ እርምጃ። 120። መርከቡ ሊነሣ ነው ብለው ሰዓታቸውን ሲያዩ 80 ላይ ይጨባበጣሉ፤ ሻጩም «አከሰርከኝ» ብሎ እንባ ቀረሽ ይሸኛቸዋል። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይሏል ይሄ ነው፤ ልዩነቱ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው ዓይኑን የገለጠው።

አሁን ሳጥኑን ጠጋ ብለን እንየው። ክዳኑ መስታወት ነው፤ አንዳንዴም ግልጽ ፕላስቲክ። ወርቃማ ማጠፊያ አለው። ሲጋሮቹ ሳይከፈት ወለል ብለው ይታያሉ፤ እሳቸውም «ግልጽነቱን ወደድኩት» ይላሉ። ኮሂባ የሚባለው ስም በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከተፈጠረ ወዲህ ፋብሪካው ባለ መስታወት ክዳን ሳጥን ለገበያ አውጥቶ አያውቅም። ሐሰተኛው አስመስሎ አልሠራም፤ ከራሱ ፈልስፎ ነው የሠራው። ይህን ያህል የፈጠራ ችሎታ በ80 ዶላር ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ቤሂኬም እንዲሁ ነው፤ ከ2010 ጀምሮ የሚሸጠው ይህ የኮሂባ ቁንጮ ከፋብሪካው የሚወጣው 10 በሚይዝ ሳጥን ሲሆን፣ ወደቡ ላይ ግን ቸርነት ስላለ 25 ሆኖ በመስታወት ሥር ተኝቶ ይገኛል።

ሳጥን የሚያገላብጡ ተጠራጣሪዎች እንዳሉ አይካድም። የእነሱን ጠባይ ለመኮነን ያህል የሚያዩትን እንዘርዝረው። ፊት ለፊት በግራ በኩል አረንጓዴና ነጭ የኩባ መንግሥት የዋስትና ማኅተም ይፈልጋሉ፤ ከ2010 ወዲህ በወጣው ላይ ሲያዘነብሉት ቀለሙ የሚለዋወጥ ሆሎግራምና ባርኮድ አለበት። ቀኝ የላይኛው ጥግ ላይ በሰያፍ የተለጠፈ «ሃባኖስ» የሚል ወረቀት አለ። ከዚያ ሳጥኑን ይገለብጡታል። ግርጌው ላይ «ሃባኖስ ኤስ ኤ» (የኩባን ሲጋር ለዓለም የሚሸጠው ድርጅት ስም)፣ «ሄቾ ኤን ኩባ» (ኩባ የተሠራ) እና «ቶታልሜንቴ ኣ ማኖ» (ሙሉ በሙሉ በእጅ) የሚሉት በጋለ ብረት የተመቱ ናቸው፤ ጣት ሲያስኬዱባቸው ስርጉዳቸው ይሰማል። አጠገባቸው የፋብሪካው ምስጢራዊ ኮድና ሳጥኑ የታሸገበት ወርና ዓመት ይታተማል፤ ወሩ የሚጻፈው በስፓኒሽ ሦስት ፊደል ነው፤ «ኤኔ» ከሆነ ጃንዋሪ ማለት ነው። የሐሰቱ ሳጥን ማኅተሙ ፎቶኮፒ ይሆናል፣ ሆሎግራሙ ቢያዘነብሉት የማይነቃነቅ ብርማ ወረቀት ነው፣ ግርጌው ጽሑፍ በቀለም ስለታተመ ጣት ላይ ምንም አይሰማም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ወርና ዓመቱን ጨርሶ ይረሱታል። የባርኮዱን ቁጥር በሃባኖስ ድረ ገጽ ላይ ማጣራት ይቻላል፤ ይሁንና ቁጥር ከእውነተኛ ሳጥን ላይ ሊገለበጥ ስለሚችል «ቁጥሩ አለ» ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ገዢያችን ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ በአንድ ቃል ይዘጉታል፦ «ይሸታል እኮ!» አዎን፣ ይሸታል።

ውስጡንም ቢሆን የሚመረምር ሰው ደስታውን ራሱ ያበላሻል። እውነተኛው ፋብሪካ ሲጋሮቹን በቀለም አበጥሮ ነው የሚደረድራቸው፤ ከግራ ጠቆር ያለው ይጀምርና ወደ ቀኝ እየፈካ ይሄዳል፣ ልዩነቱም ለዓይን የሚያስቸግር ያህል ትንሽ ነው። ወገባቸው ላይ ያሉት የወረቀት ቀለበቶች በአንድ መስመር ይቆማሉ። የኮሂባ ቀለበት ላይ ያሉት ነጫጭ ካሬዎች ሙሉ ናቸው፤ በሐሰቱ ላይ ግን ጠርዝ ላይ ያሉት መቀስ የበላቸው ይመስላሉ። የሚለኮሰው ጫፍ ሲታይ ረጃጅም ቅጠሎች ተጣጥፈው መታየት አለባቸው። እዚያ ላይ የተከተፈ ትንባሆ ካለና መታ መታ ሲያደርጉት መዳፍ ላይ የሚራገፍ ከሆነ፣ ያ የፋብሪካ ወለል ጥራጊ ነው። ሲለኮስ አንድ ጎኑ ብቻ ይነዳል፣ ፍርፋሪው አፍ ውስጥ ይገባል፣ ግማሽ ሳይደርስ ይመራል። የመረረው ግን «ጠንካራ ስለሆነ» ነው፤ ኩባ እኮ ነው።

ሂሳብ የሚወዱ ሰዎች ደግሞ አሉ። በ2022 ሃባኖስ የኮሂባንና ትሪኒዳድ የተባለውን የሌላ ኩባ ሠራሽ ሲጋር ዋጋ በመላው ዓለም ከሆንግ ኮንግ ጋር አስተካክሎ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ ሲግሎ 6 የሚባለው ኮሂባ ላ ካሳ ዴል ሃባኖ በሚባሉት ሕጋዊ ሱቆች አንዱ ፍሬ ብቻ ወደ መቶ ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። 25ቱ በ80 ዶላር ሲሆኑ አንዱ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም መጣ። ቀሪውን ዋጋ ያ የአጎት ልጅ ከደመወዙ እየሸፈነ መሆን አለበት።

ከሁሉ የሚደነቁት ግን ሴንት ቶማስ ወይም ሳን ሁዋን ላይ ወርደው «የኩባ አለ?» ብለው የሚጠይቁት ናቸው። ሁለቱም የአሜሪካ ግዛት ናቸው፤ አሜሪካ በኩባ ላይ የጣለችው ማዕቀብ ማያሚ ላይ የሚሠራውን ያህል እዚያም ይሠራል። አለ የሚላቸው ቢገኝ እንኳ የሚሸጠው የኩባ እንዳልሆነ ያውቃልና ደረሰኝ ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ዕቃው ካቢን ሲገባ ሌላ ጥበብ ይታያል። ሲጋር የሚወደው እርጥበት ከመቶ 65 እስከ 70 አካባቢ ነው፤ የመርከብ ካቢን አየር ማቀዝቀዣ ግን ቀንና ሌሊት እርጥበት ሲመጥ ያድራል። ጥንቁቁ ሰው ሲጋሩን አየር በማያስገባ ዚፕ ፌስታል ውስጥ 69 ከሚል የእርጥበት መቆጣጠሪያ ፓኬት ጋር ያሽጋል፤ ፓኬቱ ጥቂት ዶላር ነው፣ ከቤትም ይዞት ይወጣል። የእኛ ሰው ሳጥኑን ክዳኑ እንዲታይ ብለው መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ ያኖሩታል። የሚሳሱለት ከሆነ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ይከቱታል፤ ፍሪጁ አድርቆ የላይኛውን ቅጠል ሲሰነጥቀው «ኦሪጅናል መሆኑን በዚህ ታውቃለህ» ይላሉ። ከዚያ ማታ በረንዳቸው ላይ ወጥተው አንዱን ይለኩሳሉ። አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ካቢንም በረንዳም ላይ ማጨስ ከልክለዋል፤ ለሲጋር የተለየ ቦታ አላቸው፣ እሱንም መጀመሪያ ቀን የሚታደለው ወረቀት ያሳያል። ቅጣቱ እንደየመርከቡ 250 ወይም 500 ዶላር «የጽዳት ክፍያ» ተብሎ ሂሳባቸው ላይ ይደመራል። ባለ 3 ከ20ው ሲጋር በአንድ ሌሊት ከእውነተኛው ሲግሎ 6 በለጠ። ማን ነበር ርካሽ ያለው?

አሁን ወደ ዋናው ገድል እንምጣ፤ ጉምሩክ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በፌብሩዋሪ 1962 የኩባን ማዕቀብ ከመፈረማቸው በፊት ቃል አቀባያቸው ፒየር ሳሊንጀር በትእዛዛቸው ወደ 1,200 የሚጠጋ ፔቲ አፕማን የተባለ የኩባ ሲጋር ሰብስበው አደሩ፤ ይህን የተናገሩት ሳሊንጀር ራሳቸው ናቸው። ሲጋሩ መግባቱ ሲረጋገጥ ፊርማው አረፈ። ከዚያ ወዲህ በሩ በ2015 ገርበብ አለ፣ በ2016 ለግል መጠቀሚያ ከሆነ በደንብ ተከፈተ፣ በሴፕቴምበር 2020 ደግሞ ተዘጋ። ዛሬ የኩባ ሲጋር፣ ሜክሲኮም ይገዛ ባሃማስ፣ አንድ ፍሬም ቢሆን፣ ለራስም ቢሆን፣ ወደ አሜሪካ አይገባም፤ ከተገኘ ይወረሳል። የአሜሪካ መርከቦች ራሳቸው ሃቫና መቆም ከተከለከሉ ከጁን 2019 ወዲህ ዓመታት አልፈዋል።

ገዢያችን ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ መርከቡ ወደ ማያሚ ሊደርስ ሲል ማታ በራቸውን ቆልፈው፣ አልጋው ላይ ፎጣ ዘርግተው፣ የ25ቱን ሲጋር ቀለበት በጥፍራቸው አንድ በአንድ ይልጣሉ። ሙጫው ከቅጠሉ ጋር ስለተጣበቀ ግማሹ ሲጋር ቆዳው አብሮ ይገፈፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚለው ተረት እዚህ ላይ አልሠራም፤ ወረቀቱም ለቀቀ፣ እሳቸውም ለቀቁት። ልብ በሉ፦ ሰማንያውን ዶላር የከፈሉት ለዚያ ወረቀት ነበር። ከሥሩ ያለው ቅጠል ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው፤ ከኩባ ላለመምጣቱ ግን ሳጥኑ ራሱ ምስክር ነው። እንግዲህ ኩባን ረግጦ የማያውቅ ሲጋር የኩባ እንዳይመስል ተደብቆ አሜሪካ ገባ። ፓስፖርት ተቆጣጣሪው ፊት ላባቸው ጠብ ይላል፤ ሰውየው ግን ቀና ብሎም አያያቸው። «በጥበብ አሳለፍኩት» ብለው ለዓመታት የሚተርኩት ይህንን ነው።

አሰልቺ ሰዎችንም ለፍትሕ ያህል እናንሣቸው። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ፖርቶ ፕላታ ላይ የሚወርዱ አሉ፤ አርቱሮ ፉዌንቴ የተባለውን ሲጋር የሚጠቀልለው ፋብሪካ እዚያው አገር ሳንቲያጎ ከተማ ነው። እነዚህ ሰዎች ፍሬውን በ8 ወይም በ15 ዶላር ይገዛሉ፣ ደረሰኝ ይቀበላሉ፣ ቀለበቱን አይልጡም። አሜሪካ ሲገቡ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አዋቂ የአሜሪካ ነዋሪ እስከ 100 ሲጋር፣ ጠቅላላ ዕቃው ከ800 ዶላር ካላለፈ፣ ያለቀረጥ ይፈቀድለታል፤ እነሱም ያስመዘግቡና ያልፋሉ። ዶሚኒካን ውስጥ የሚሠራ፣ «O» ፊደሉ መሐል ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት ሕጋዊ ኮሂባም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ ይሸጣል። ለዚህ መርከብ መሳፈር አያስፈልግም። ምን ታሪክ ይወጣዋል?

ታሪክ የሚወጣው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ምርቃት ወይም ሠርግ ላይ ነው። ቀለበት አልባዎቹ ሲጋሮች በባለ መስታወቱ ሳጥን ተመልሰው ይቀርባሉ። ሁለቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብሳት አለች፤ የትንባሆ ነቀዝ ናት፣ ሙቀት ሲያገኛት እንቁላሏ ይፈለፈላል፤ አንድ ሲጋር በስታ ወደ ጎረቤቱ ታልፋለች። ዚፕ ፌስታል ውስጥ ታሽጎ ሦስት ቀን ፍሪዘር፣ ከዚያ አንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ትሞት ነበር። ባለቤቱ ግን «አየር ማስገቢያ ነው» ይላሉ።

ከእንግዶቹ መሐል ኩባ የተማረ ሰው አይጠፋም፤ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ሄደው ተምረዋል፣ ስፓኒሹም አልጠፋቸውም። ሰውየው ሳጥኑን ይገለብጠዋል። ግርጌው ላይ ምንም የለም። በጣቱ ይዳብሰዋል፤ ልስልስ ያለ ቫርኒሽ።

«ስንት ገዛኸው?»

«ሰማንያ ዶላር።»

«ሳጥኑን ብቻ?»