የደንገጎ ቁልቁለት ሐሳቤን አስቀየረኝ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «የብስክሌት ክለብ ልግባ ወይስ ብቻዬን ልንዳ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለቱንም እኩል ያመዛዝናል። እኔ ድሬ ዳዋ ነኝ፤ ለዓመታት ብቻዬን ነው የነዳሁት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ባለው ቅዝቃዜ ማንም ሳያወራኝ መንዳት ደስ ይለኛል። 3 ሰዓት ካለፈማ አስፋልቱ ራሱ ይጋረፋል።

በሜዳ ላይ ከሰው ኋላ መንዳት ነፋሱን ስለሚከልል ጉልበት ይቆጥባል። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ግን ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ይህ ጥቅም እምብዛም አይታወቅም፤ ዳገቱን ሁሉም በየትንፋሹ ነው የሚወጣው።

ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። አንድ ቀን ፍሬን ሳልለቅ ስወርድ ቸርኬው ግሎ የኋላ ጎማዬ ኩርባ ላይ ፈነዳ። ክርኔ ተልጦ ዳር ላይ ተቀመጥኩ፤ አይሱዙዎቹ እየጮሁ ያልፋሉ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት እናት ናት ከጄሪካኗ ውሃ አፍስሳ ቁስሌን ያጠበችልኝ። እግዜር ይስጣት፣ እስከዛሬ አልረሳትም።

አሁን እሁድ እሁድ ከአራት ልጆች ጋር እወጣለሁ። መዋጮ የለም፣ መለያ የለም፤ ኋላ የቀረ ግን ይጠበቃል። ክለብ የምትፈልጉ ወንድምና እህቶቼ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት የአንዱ ጎማ ሲፈነዳ ማን አብሮት እንደሚቆም ጠይቁ።