መብትዎን ስላወቁ እንኳን ደስ አለዎት

ሰሞኑን አንድ ፎቶ ስልኬ ላይ ገባ። ይሄኛውን ባታዩት ወንድሙን አይታችኋል። የሆቴል አዳራሽ ነው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ባነር ተዘርግቷል። ባነሩ ላይ የሎጎ መዓት፣ ከሎጎዎቹ ሥር ደግሞ «በተፈናቃዮች የመኖሪያ ቤት መብት ላይ የተዘጋጀ የግንዛቤ ማስጨበጫ ስልጠና» የሚል ጽሑፍ። ሰልጣኙ ሁሉ ነጭ ቆብ ደፍቷል። ፎቶውን የላከልኝ ልጅ እንደነገረኝ፣ አብዛኞቹ ማታ የሚመለሱት ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብለው ወደሚያድሩበት የመማሪያ ክፍል ነው። ቢሆንም ቤት የማግኘት መብት እንዳላቸው ከዛሬ ጀምሮ ሰርተፍኬት አላቸው።

ይህን የመሰለ በጎ ሥራ የሚያማ አይጠፋም። እኔ ግን ላመሰግን ነው የተነሳሁት።

የትግራዩን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ወደ ትግራይ የሚወስደው መንገድ ሲከፈት እህል የጫነ መኪና ገባ። እግር በእግር ደግሞ መጠይቅ የጫነ ላንድክሩዘር ተከተለው። እህሉ በዚያው ዓመት «ተሰርቋል» ተባለና ለወራት ተቋረጠ። መጠይቁ ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። መጠይቅ ማን ይሰርቃል?

ጥናቱ ደግሞ ሥርዓት አለው። ፕሮጀክቱ ሲጀመር ቤዝላይን ይመጣል፣ ሲጋመስ ሚድላይን፣ ሲያልቅ ኢንድላይን። ሌላው ፕሮጀክት የራሱን ቤዝላይን ይዞ ይከተላል፤ የሰው መረጃ መጠቀም ነውር ነዋ! ቀበሌው ውስጥ መንገድ የሚመራው ሰውዬ ከልምድ ብዛት እንደ ሐኪም ሆኗል። መኪናውን ገና ሲያይ ያውቃል። «የተቃጠለ ቤት ነው የምትፈልጉት ወይስ ሰው የሞተበት?» ብሎ ይጠይቃል። «ሁለቱም» ካሉት እነዚያኑ እናት ይጠራል። «እማማ፣ ከዚህ በፊት ተጠይቀው ያውቃሉ?» ይላል መረጃ ሰብሳቢው ታብሌቱን እየነካካ። «አዎ ልጄ፣ ስንቴ!» «በጣም ጥሩ፤ እንግዲያው አይቸገሩም።»

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን ቅድመ ፈተናና ድህረ ፈተና የሚሉትን ነገር ነው። የሰው ልጅ ካሰባቸው ነገሮች ሁሉ ይሄን የሚያህል አላየሁም። አንድ ገበሬ አባት እናስብ። ጎተራቸው ተቃጥሏል፣ በሬዎቻቸው ታርደው ተበልተዋል፣ ልጃቸው እንደወጣ አልተመለሰም። ስልጠና ተጠሩ። ገና ወንበር ሳይዙ አንድ ወረቀት ተሰጣቸው። ማንበብ ስለማይችሉ አንዲት ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ታነብላቸዋለች።

«አባባ፣ ጥያቄ አንድ። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ መቼ ጸደቀ?»

«በጃንሆይ ጊዜ መሰለኝ።»

ትክክል ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር 1948 ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ነገር ግን ጃንሆይ ከምርጫዎቹ ውስጥ የሉም። ኤክስ!

«ጥያቄ ሁለት። መግለጫው ስንት አንቀጾች አሉት?» አያውቁም። ኤክስ። 30 ናቸው።

«ጥያቄ ሦስት። የንብረት መብት በሕገ መንግሥቱ በየትኛው አንቀጽ ተደንግጓል?»

እዚህ ላይ አባባ ቀና አሉ። «ንብረት ስትዪ በሬንም ይጨምራል?»

«አባባ፣ አንቀጹን ነው የጠየቅኩዎት።»

«ሁለት ነበሩ። አንዱ ቡሬ ነው።»

ኤክስ።

ከዚያ ስልጠናው ተጀመረ። መክፈቻ ንግግር፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ ለመክፈቻው ምስጋና የሚያቀርብ ንግግር። ሁላችሁም ተነሱና እጃችሁን አወዛውዙ ተባለ፤ አይስ ብሬከር የሚሉት ማሟሟቂያ ነው። አባባ አወዛወዙ። የሻይ ሰዓት። ፓወርፖይንት። መብራት ሄደ፣ ጀነሬተር ተነሳ፣ ፓወርፖይንቱ ከመጀመሪያው ተጀመረ። የቡድን ውይይት። ፍሊፕቻርት ላይ «የመብት ጥሰት ማለት ምን ማለት ነው?» ተብሎ ተጻፈና አባባ ቡድኑን ወክለው እንዲያስረዱ ተጠየቁ። ማስረዳት ሲጀምሩ ሰዓት አልቋል ተባሉ።

በሦስተኛው ቀን ያው ወረቀት ተመለሰ። አባባ አሁን 1948 ይላሉ። 30 ይላሉ። የንብረት መብት አንቀጽ 40 ነው ይላሉ፣ ሳይደናቀፉ። ስለ በሬዎቹ አልጠየቁም። ያደገው ግንዛቤ ይሄ ነው እንግዲህ! ሪፖርቱ ላይ አንድ አጭር ቀይ አምድና አንድ ረጅም አረንጓዴ አምድ ተሰሩ። ከአምዶቹ ጎን የአባባ ፎቶ ከነቆባቸው ተለጠፈ። ሥሩ «ዛሬ መብቴን አውቄያለሁ፤ ሕይወቴ ተለውጧል» የሚል ቃል አለ። አባባ ለካሜራው የተናገሩት ለዘንድሮ እርሻ ዘር እንዳላገኙ ነበር። ግን ዘር የሌላ ፕሮጀክት ነው።

ስለ ትምህርት ቤቶቹም ልናገር። በመቀሌም በሽሬም ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው ከርመዋል። ደግነቱ የሰብዓዊ መብት ትምህርት ክፍል አይፈልግም። ማንዋል አለ፣ ፖስተር አለ፣ ክበብም ይቋቋማል። ክበቡ በሚሰበሰብበት ክፍል ውስጥ ሰው ይኖራል እንጂ ሌላ ችግር የለም። የተባበሩት መንግሥታት በፈረንጅ 2011 ባጸደቀው የሰብዓዊ መብት ትምህርት መግለጫ፣ ትምህርቱ ራሱ የተማሪውንም የመምህሩንም መብት በሚያከብር መንገድ መሰጠት አለበት ይላል። ደሞዙ ለወራት ሳይከፈለው የቆየው የትግራይ መምህር ይህን ክፍል ሲያስተምር መስማት ነበረብን። ድምፁ ከልብ ይመጣ ነበር።

አንድ ነገር ግን ማመስገን አቃተኝ። የተደፈረች ሴት የደረሰባትን ለመጀመሪያው ሰው ትናገራለች። ፍትሕ ይመጣል ብላ ነው። ለሁለተኛው ትደግማለች። ለሦስተኛው ታለቅሳለች። አራተኛው መጥቶ «ከ1 እስከ 5 ባለው መለኪያ የደረሰብዎት ጉዳት ስንት ነው?» ይላታል። ይሄ ጥናት አይደለም፣ ግፍ ነው። ነውር ነው። ራሷ የዚህ ግፍ ተጎጂ በሆነችው በኢራቃዊቷ ያዚዲ የኖቤል ተሸላሚ በናዲያ ሙራድ ስም የተጠራ የመረጃ ሰብሳቢዎች የሥነ ምግባር ደንብ አለ፤ በፈረንጅ 2022 ነው የወጣው። የተጎዳች ሴት ደጅ ከመድረስህ በፊት የምትፈልገው መረጃ ከሌላ ቦታ ይገኝ እንደሆነ ፈትሽ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽ/ቤትና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በትግራዩ ጦርነት ስለተፈጸመው ግፍ የጋራ ሪፖርታቸውን ያወጡት ጥቅምት 2014 ላይ ነው። ከዚያ በኋላም ስንት ወጣ። አንብቡት እንጂ! ንባብ ውሎ አበል ስለሌለው ነው?

ጥናት ይቅር አላልኩም። ያልተመዘገበ ግፍ ነገ ይካዳል፤ ዛሬም የሚክዱት አሉ። በሚገባ የሚመዘግቡ፣ ስም የሚደብቁ፣ የጠየቁትን ሰው ሐኪም ጋ ሳያደርሱ የማይሄዱ ልጆች አውቃለሁ። እነሱ ባነር የላቸውም፤ ስለዚህ ፎቶ ላይ አታገኟቸውም።

በቃ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው ሚያዝያ 2016 ከጸደቀ ወዲህ ሥራው በዝቷል። ፖሊሲው ካሳ ይላል፣ እውነት ማፈላለግ ይላል፣ ተጠያቂነት ይላል። ለእያንዳንዱ ቃል ስልጠና ያስፈልጋል። ካሳ ምን እንደሆነ የሰለጠነው ሰው ካሳ ከደረሰው በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ እናንተው ገምቱ።

እንግዲህ የሰሜኑ ተጎጂዎች ፍላጎት ጥናት ተጠናቋል እየተባለ ነው። የማረጋገጫ ወርክሾፑ በወሩ መጨረሻ ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር ይካሄዳል። ከሰሜን ለሚመጡ ተጎጂዎች የትራንስፖርት በጀት ስላልተያዘ በተወካይ ይሳተፋሉ። ተወካያቸው ጥናቱን የሠራው አማካሪ ነው።