ቱባ ሲጋበዝ ፍሉት ደጅ ቀረ

የእንግሊዝ ሙዚቃ ታላላቆች ለፍሉት፣ ወደ ጎን ተይዞ ለሚነፋው የፈረንጅ ዋሽንት፣ የዋሉለትን ውለታ ለመቁጠር ጣት ማውጣት አያስፈልግም። ኤልጋር ለቫዮሊንና ለቼሎ ኮንሰርቶ (አንድ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ፊት ሆኖ ዋናውን የሚጫወትበት ድርሰት) ጻፈ፤ ለፍሉት የለም። ዋልተን ቫዮላን ጨመረ፤ ለፍሉት የለም። ብሪተንም እንደዚያው። ቮን ዊልያምስ ጭራሽ አባሰው፦ በ1951 ለሃርሞኒካ፣ በ1954 ለቱባ ጻፈ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቱባ ታቅፈው የሚነፉት፣ ከባንዱ ኋላ የሚያጓራው መሣሪያ ነው። እሱ እንኳ ከኦርኬስትራ ፊት ወንበር ሲያገኝ ፍሉት ደጅ ቀረ። ሆልስት በ1923 አንድ ኮንሰርቶ ሰጥቶት ነበር፤ ግን ብቻውን አላመነውምና ኦቦ የተባለውን ሌላ የትንፋሽ መሣሪያ አጣመረበት።

ፍሉትን የካሰው ደራሲው ማልኮም አርኖልድ ነው። አርኖልድ በለንደን ፊልሃርሞኒክ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ሪቻርድ አዴኒ እዚያው ፍሉት ይነፋ ነበር። በ1954 ለዚህ ጓደኛው ኮንሰርቶ ሲጽፍ መጀመሪያ ያባረረው የገዛ ወገኖቹን ነው፤ ጥሩምባ የለም፣ ትሮምቦን የለም፣ ከበሮ የለም፣ ባለ ክሮቹ፣ ቫዮሊንና ቤተሰቡ፣ ብቻ። ጥሩምባ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ከጥሩምባ ነፊ በላይ ማን ያውቃል? ሌላው እንግሊዛዊ ደራሲ ጎርደን ጄኮብም በ1951 ያደረገው ይህንኑ ነው። ከመካከለኛው ዶ የሚነሣው የፍሉት የታችኛው ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው የድምፅ ርቀት) ድምፁ ስስ ነው፤ ጉልበት ሲጨምሩበት አይጎላም፣ ወደ ላይኛው ኦክታቭ ዘሎ ያመልጣል። እድር ላይ በስንት ጊዜው የመናገር ዕድል የደረሰው ዝምተኛ ሰው ማለት ነው፤ እንዲሰማ ሌላው ሁሉ አፉን መያዝ አለበት። ለነገሩ ይኸው አርኖልድ በ1956 ለ3 ቫኪዩም ክሊነር፣ ለ1 የወለል መወልወያና ለ4 ጠመንጃ ሲጽፍ ሙሉ ኦርኬስትራ ከነኦርጋኑ አቅርቦላቸዋል።

ባለ ክር ብቻ ሲሆን የቀሩት ተጫዋቾች ሻይ ለመጠጣት ይወጣሉ። የማይወጣው የኦርኬስትራው የራሱ ፍሉት ነፊ ነው። ከመድረኩ በር ኋላ ቆሞ ያዳምጣል፤ «ለማድነቅ ነው» ይላል። ኮንሰርቶውን ሊነፋ የተጋበዘው እንግዳ የት የት ትንፋሽ እንደወሰደ ግን ከኮንዳክተሩ ይልቅ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

እንግዳው ለማፈር ብዙ መንገድ አለው። ፍሉት ሦስት ቁራጭ ነው፤ ራስ፣ አካልና እግር። በራሱ ጫፍ ውስጥ ቡሽ አለ፤ ከቡሹ እስከ መንፊያው ቀዳዳ መሃል 17 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የመጥረጊያው ዘንግ ላይ የተጫረው መስመር ለዚህ ነው፤ ዘንጉ እስከ ቡሹ ሲገባ መስመሩ በቀዳዳው መሃል ካልታየ ቡሹ ተንሸራቷል፣ ኦክታቮቹም ይኮራረፋሉ። ሙቀቱ ደግሞ አለ። ፍሉት ውስጥ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ ድምፁ በግምት 3 ሴንት ይወጣል፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው። በቀዝቃዛ ኮሪደር የተቃኘ ፍሉት 5 ዲግሪ ከሞቀ 15 ሴንት ሽቅብ ሄደ ማለት ነው። የቫዮሊኖቹ ክር በመብራቱ ሙቀት ቁልቁል ይወርዳል። ሁለቱ ሲለያዩ ቫዮሊኖቹ ብዙ ናቸውና ጥፋተኛው ፍሉት ይሆናል። መፍትሔው የፍሉቱን ራስ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ሳብ ማድረግ ነው፤ ከልክ ካለፈ ግን በአጭር ቱቦ የሚወጡት ድምፆች ከሌሎቹ አብልጠው ይወርዱና ችግሩ ሁለት ይሆናል።

ቁልፎቹም ሰዓት ያውቃሉ፤ የሚጣበቁት በዝግታው ክፍል ነው። እርጥበት የፓዱን፣ ከቁልፉ ሥር ቀዳዳውን የሚደፍነውን ትራስ፣ ስስ ሽፋን ሲያረጥበው በተለይ የሶል ዲየዝ ቁልፍ አልነሣም ይላል። መድኃኒቱ የሲጋራ ወረቀት ነው፣ ሙጫው ያለበትን ጠርዝ አርቆ። ከቁልፉ ሥር አስገብቶ በቀስታ መጫን፣ መልቀቅ፣ ከዚያ ማውጣት። ተጭኖ መጎተት ሽፋኑን ይቀዳል። ፍሉት ነፊ ማጨስ ቢያቆምም ወረቀቱ ከኪሱ አይጠፋም፤ ለቤት ሰው ማስረዳቱ የራሱ ፈንታ ነው።

ታዳሚውም ሥርዓት አለው። በእንግሊዝ አዳራሽ በኮንሰርቶው ክፍሎች መሃል ማጨብጨብ ነውር ነው፤ መሳል ግን መብት። የአርኖልድ ኮንሰርቶ 3 ክፍል ስለሆነ ሁለት የሳል ዕረፍት አለው፤ የሌላው እንግሊዛዊ ደራሲ የሌኖክስ በርክሊ የፍሉት ኮንሰርቶ 4 ነውና ሦስት። ጉንፋን የያዘው ሰው ቲኬት ሲቆርጥ ይህን ቢያስብበት ይጠቀማል። በዊልያም አልዊን ሥራ ግን ቀለል ያለ ሳል ቢሳሉም አይሰማም። አልዊን ራሱ በለንደን ሲምፎኒ ፍሉት ነፊ ነበር፤ በ1980 ኮንሰርቶ ሲጽፍ ባለ ክሮቹን ትቶ 8 የትንፋሽ መሣሪያዎችን በፍሉቱ ዙሪያ አሰለፈ። ጀግንነት ይሁን የቆየ ቂም እንጃ።

ኮንሰርቶ ተጽፎ መሰማቱ አንድ ነገር ነው፤ ዳግመኛ መሰማቱ ሌላ ነው። የለንደኑ ሮያል አልበርት አዳራሽ ማሚቶ የታወቀ ስለነበር፣ የአገሬው ደራሲ ሥራው ሁለት ጊዜ እንደሚሰማ እርግጠኛ የሚሆነው እዚያ ብቻ ነው ተብሎ ይቀለድ ነበር። በ1969 እንጉዳይ የሚመስሉ ትላልቅ ሰሌዳዎች ከጣሪያው ተሰቀሉ፤ ማሚቶው ቀነሰ፤ ሁለተኛው ዕድልም አብሮ ቀረ። ደራሲው ፒተር ማክስዌል ዴቪስ ለስኮትላንድ ቻምበር ኦርኬስትራ 10 የስትራትክላይድ ኮንሰርቶዎች ሲጽፍ ለፍሉት የደረሰው 6ኛው ነው፣ በ1991። ኦቦና ክላሪኔት ቀድመውታል፤ ቢያንስ ኮንትራባስን ቀደመ።

ጭብጨባው ሲበረታ ነፊው አንድ ተጨማሪ ይጫወታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፈረንሳዩ ደቡሲ በ1913 ለብቸኛ ፍሉት የጻፋት «ሲሪንክስ» ናት። ሦስት ደቂቃ ገደማ ናት፤ ኦርኬስትራ አትፈልግም፣ ልምምድ አታስይዝም። በዕረፍት ሰዓት ሕዝቡ ለአይስክሬም ተሰልፎ «የመጨረሻዋ ግን እንዴት ደስ ትላለች!» ይባባላል። የኮንሰርቶው ደራሲ በሕይወት ካለ ከኋላቸው ተሰልፏል።