ስንት ሰው አሰለጠናችሁ አላልኳችሁም

እህት ወንድሞቼ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው፣ ራሴንም ጨምሬ። መጠለያው፣ ክሊኒኩ፣ ከሳዑዲ ተመላሽ የሚቀበለው ቦታ፣ አሁን "ትራውማ (ክፉ ነገር የደረሰበት ሰው ውስጡ የሚቀረው ቁስል) ገብቶን ነው የምንሰራው" የማይል ድርጅት የለም፣ ባነሩም ላይ ሪፖርቱም ላይ አለ። እሺ በምን ለካችሁት? ሲባል መልሱ "ይሄን ያህል ሰው አሰልጥነናል"። ይሄማ አበል የተከፈለውን ሰው መቁጠር ነው።

አንድ መጠለያ (ስሙ ይቅር) በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ሳለሁ ከአረብ ሀገር የመጣች ልጅ ታሪኳን በአንድ ቀን ሶስቴ ስትናገር አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ለመዝጋቢው፣ ከዛ ለሶሻል ወርከሯ፣ ከዛ ደሞ ኮሪደር ላይ ፎርም ለያዘ ልጅ፣ ሰው ወዲህ ወዲያ እያለፈ ጮክ ብሎ "አሰሪሽ ነክቶሽ ያውቃል?" አላት። ከዛ በኋላ ለማንም አልመለሰችም። የወሩ ሪፖርት ላይ ግን አገልግሎት አግኝታለች ተብላ ተቆጠረች፣ ቆጣሪዎቹም እኛው ነበርን።

መለኪያ የለም እንዳትሉኝ። ሳምሳ የሚባለው የአሜሪካ መንግስት መስሪያ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ለዚህ አሰራር ስድስት መርሆ አውጥቷል፣ የመጀመሪያው "ሰው ደህንነት ይሰማው" የሚል ነው፣ የተጎዳውን መልሳችሁ አታቁስሉት ብሎም ጽፏል። አንድ ድርጅት ይሄን አሰራር ምን ያህል እንደያዘ የሚለካ ቲኮሜትር የሚባል 35 ጥያቄ ያለው መጠይቅም አለ፣ የሚሞሉት ሰራተኞቹ ናቸው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ፣ ቅቤ ሻጭ ቅቤዬ ሻግቷል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አለቃ ፎርሙን ራሱ እየሰበሰበ ማን ደፍሮ ዝቅተኛ ነጥብ ይሞላል፣ ስም ሳይጻፍበት ሌላ ሰው ይሰብስበው እንጂ።

ባለጉዳዩንም ጠይቁ፣ ግን በእግዚአብሔር ምን ደረሰብህ እያላችሁ እንደገና አታድሙት፣ እንዴት ተቀበልንህ በሉት። ታሪክህን ስንቴ አስደገምንህ፣ ስታወራ በሩ ተዘግቶ ነበር ወይ፣ በቋንቋህ የሚሰማህ አገኘህ ወይ፣ አልፈልግም ብትል ይቻል ነበር ወይ። ሁለተኛ ቀጠሮ ላይ ስንቱ ቀረ የሚለው ደሞ ካርድ ክፍል ቁጭ ብሎላችኋል፣ ማንም አያየውም እንጂ። ሰራተኛውስ? ቀኑን ሙሉ ያንን ሁሉ ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ማን ነው እሱን የሚሰማው?

ጥበቃውንም ጠይቁት ባካችሁ። በር ላይ ማን እንደተጮኸበት፣ ማን እያለቀሰ እንደወጣ የሚያውቀው እሱ ነው፣ ስልጠና ላይ ግን አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም።