ከድስት የሚያድኑን ጀግኖች

ሰሞኑን አንድ ክርስትና ላይ ወጡ ሳይቀርብ ምርመራው ቀደመ። አንድ ትልቅ ሰው ብድግ ብለው ጓዳ ገቡና ድስቱን አንኳኩ። «ይሄ አልሙኒየም አይደል? አንጎል እኮ ነው የሚበላው! የመርሳት በሽታ ከየት የመጣ መሰላችሁ?» አሉ። ቀኝ እጃቸው ድስቱ ላይ ነው። ግራ እጃቸው መለኪያ ይዟል። መለኪያው ውስጥ አረቄ፣ ያውም ዳግም።

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። በየዘመዱ አንድ አይጠፋም። እኔ በበኩሌ ሊመሰገኑ ይገባል ባይ ነኝ። ስለ አንጎላችን እንደነሱ የሚጨነቅ ማን አለ?

የኛ ሰፈሩ ጀግናማ ይለያል። አንድ ማታ ስልኩ ላይ የሆነ ቪዲዮ አየና አዋጅ አወጀ፦ ከዛሬ ጀምሮ አልሙኒየም እዚህ ቤት አይገባም! በነጋታው ቆራሌውን ጠርቶ የሚስቱን ድስቶች ከነክዳናቸው፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው ሳይቀር፣ በኪሎ ሸጠ። በብሩ ምን ገዛ? አረቄ። ሚስቱ ከሰል አቀጣጥላ፣ ሸክላ ድስት ጥዳ፣ ሽሮው እስኪንተከተክ ቁጭ ትላለች። እሱ በዚያ መሀል አንጎሉን በመለኪያ ያጥባል። ምሳ ቤት ሲገባ «ጥብሱ በምንድን ነው የተጠበሰው?» ብሎ አስተናጋጁን ያፋጥጣል። ዓሣ በፎይል ተጠቅልሎ ቢመጣለት ይመልሳል። ከዚያ ግሮሰሪ ይገባና የቆርቆሮ ቢራ ያዛል። ቆርቆሮው ራሱ ከምን እንደተሠራ ጠይቄው ነበር። «እሱማ ቀዝቃዛ ነው» አለኝ። ሲነጋ ጨጓራው ይነሳበታል። ፋርማሲ ሮጦ የሚታኘከውን ኪኒን ይገዛል። ብዙዎቹ የጨጓራ አሲድ ማብረጃዎች ውስጥ ደግሞ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ አንዷ ፍሬ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ልትይዝ ትችላለች። ከድስት የሸሸውን አኝኮ ዋጠው ማለት ነው። ራሱንም ያመዋል። ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትናንት የበላሁት በብረት ድስት የተሠራ ነው መሰለኝ።»

ፍርሃቱ እንኳ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኩላሊት እጥበት ታካሚዎች አልሙኒየም ያለበት ውሃ በእጥበቱ በኩል ደማቸው ውስጥ ገብቶ አንጎላቸውን ጎድቷል። ከምግብ ጋር ከሚገባው ግን ወደ ደም የሚያልፈው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እሱንም ጤነኛ ኩላሊት ያስወጣዋል። ከወዳደቀ ቁርጥራጭ ቀልጦ በሚሠራ ድስት ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። ቲማቲምና ሎሚ ሲገባበት ደግሞ ብረቱ ይበልጥ ይለቃል። እውነተኛው ስጋት ይሄ ነበር፤ ጀግኖቻችን ግን ስለሱ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ተመራማሪዎች ለአይጦች አልሙኒየምና አልኮል አንድ ላይ ይሰጣሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳቱ ይብስ እንደሆነ ለማየት ነው። ከዚያ አሴቲልኮሊንኤስተሬዝ የሚባለውን የአንጎል ኢንዛይም ይለካሉ። የኢንዛይሙ ሥራ በነርቮች መካከል መልእክት ያደረሰውን ኬሚካል ቶሎ ማፍረስ ነው። ካላፈረሰው ነርቮቹ ዝም ማለት ያቅታቸዋል። አይጧ እንግዲህ ሁለቱንም የምትወስደው ተገዳ ነው። የኛ ሰው በገዛ ገንዘቡ።

አልኮሉ ላይ ግን ብዙ ክርክር የለም። ቫይታሚን ቢ1 ከአንጀት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋል። ቢ1 ሲጠፋ ትራንስኬቶሌዝ የሚባለው፣ ሴሎች ስኳርን እንዲጠቀሙበት የሚረዳው ኢንዛይም ሥራ ይፈታል። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው እ.ኤ.አ. በ1881 ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ የገለጸው የአንጎል በሽታ ሊይዘው ይችላል፦ ዓይን ይንከራተታል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ ሐሳብ ይምታታል። ከዚያ መርሳቱ ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ለጤና ምንም ስጋት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ይሄኛው ቪዲዮ ግን ለጀግናችን አልደረሰውም። ቢደርሰውም ያን ጊዜ ኔትወርክ የለም።

አንድ ነገር ግን አላሳቀኝም። ድስት ሲመረምሩ የነበሩት ሰው ትንሽ ቆይተው ጣታቸውን መለኪያው ውስጥ ነከሩና ክርስትና የተነሣውን ሕፃን አፍ አስነኩት። «ይልመድ!» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው? ገና እየተሠራ ያለ አንጎል ነው! ልጁ እምቢ ማለት አይችልም። እናቲቱ ዝም አለች፤ ምን ትበል፣ ትልቅ ሰው ናቸዋ። እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ሁላችንም ነበርን። ነውር ነው። እንዲህ ያለ ትልቅነት ጥንቅር ብሎ ይቅር።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የቢራ ማስታወቂያንም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አውርዷል። የቤት ውስጡን ማስታወቂያ እኚህ ሰው በነፃ ተረክበውታል።

አሁን ዘመቻው ወደ ፕላስቲክ እየዞረ ነው። ጸሐይ ላይ የዋለ የታሸገ ውሃ መጠጣት በነሱ ዘንድ ክልክል ሆኗል። ትኩስ ምግብ በፌስታል መያዝም እንደዚሁ። እሰየው ነው። አረቄው ግን ከገጠር የሚመጣው በቢጫ ጀሪካን፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ ቀኑን ሙሉ ጸሐይ እየመታው ነው።